ከላስቲኩ ሥር

የሆነ ነው። ከሰው ሰምቼ አይደለም የማወራችሁ፤ ባየሁት ላይም አልጨመርኩም። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

አንድ ያረጀ የድንጋይ ቤት ግቢ ውስጥ ነን። በአራቱም በኩል ግንብ ነው፤ መሐሉ ላይ የደረቀ የውኃ ገንዳ አለ። ፀሐይዋ ግቢውን ሞልታዋለች። የጠጠሩ ጥላ ሳይቀር ይታያል።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ "ጨልሞባት ይሆናል" እንዳትሉኝ ነው።

አልጨለመም...

ሁሉም የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው።

ሥራዬ ድንጋይ ማጽዳት ነው። ድሮ የተሠሩ ግንቦች ላይ የሚበቅለውን ነገር እናጠፋለን። ሻጋታውን፣ ለስላሳውን አረንጓዴ ነገር፣ ከሁሉም በላይ ግን የድንጋይ ሽበት የሚባለውን ግራጫ ቅርፊት። ሲያዩት ምንም አይመስልም። ግን ሥሩን ድንጋዩ ውስጥ ሰዶ ቀስ እያለ ይበላል። የተቀረጸ አበባ ይበላል፣ የተቀረጸ ፊት ይበላል። አይቸኩልም።

አሠራራችንን ልንገራችሁ፤ ሳታውቁት ቀሪው አይገባችሁም።

መጀመሪያ ሙከራ ይሠራል። ሰው የማያየው ቦታ ይመረጥና መዳፍ የምታህል አራት ማዕዘን በፕላስተር ትከለላለች። መድኃኒቱ እዚያች ላይ ብቻ ይረጫል። ከዚያ ይጠበቃል። ድንጋዩ ካልተጎዳ ግንቡ ሁሉ ይረጫል። መድኃኒቱ ቶሎ እንዳይደርቅ፣ ወደ ውስጥም እንዲዘልቅ በላስቲክ ይሸፈንና ዙሪያው ይታሸጋል። እንደገና ይጠበቃል።

ከዚያ የእኔ ተራ ነው።

በጣቴ አንጓ እያንኳኳሁ እሰማለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ስሰማ ስሰማ የለመድኩት ነው። በልቤ ፈጣሪዬን እጠራና ጆሮዬን ድንጋዩ ላይ እለጥፋለሁ። ነፍስ ያለው ሽበት ድምፁን ይውጠዋል። ነፍሱ የወጣው ግን ሲነኩት ደረቅ ነው፣ ቀለል ይላል፣ ባዶ ነገር ያንኳኳችሁ ይመስላችኋል። ያንን ስሰማ "ብሩሽ አምጡ" እላለሁ። ጠረግ ሲያደርጉት ይረግፋል።

አንድ ጥግ ላይ ግን መዳፍ የምታህል ቦታ ሳትጸዳ ትተዋለች። ግንቡ ቀድሞ ምን ይመስል እንደነበር እንድታሳይ ነው። "ምስክር" እንላታለን።

አሁን ወደ ቤቱ ልመለስ።

ቤቱን ከአባቱ የወረሰው ሰውዬ እንግዳ የሚያስቀናበት ቤት ነው የፈለገው። ወራሹ እንበለው። አለቃችንን ደግሞ "ምላጭ" ነው የምንለው፤ ምላሱ ስለት ነው። እኔን "ጆሮ" ይለኛል። ወራሹና ምላጭ ገና ሰላም እንደተባባሉ ተዋደዱ። ሰው ላይ በመሳቅ የሚዋደዱ ሰዎች አሉ አይደል?

የሚስቁት እማማ ላይ ነበር።

እማማ የወራሹ አክስት ናቸው፤ የአባቱ ታላቅ እህት። እዚያው ቤት ተወልደው፣ እዚያው አርጅተው፣ ምድር ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። ከግድግዳው ጋር የተያያዘ የድንጋይ መደብ አላቸው፤ ይቀመጡበታል፣ ይተኙበታል። የወራሹ አባት ሲሞት "እህቴን ከክፍሏ እንዳታስወጣት" ብሎ ተናዞ ነበር። ወራሹ ማስወጣት ስላልቻለ በራሳቸው እግር እንዲወጡ ይጠብቃል። አንድ ቀን ውጭ ቢያድሩ የግቢውን በር ሊቆልፍባቸው።

ሲጠብቅ ደግሞ ዝም ብሎ አልነበረም። ወደ ክፍላቸው የሚሄደውን ውኃ ዘግቷል። "ላድሰው" ብሎ በራቸውን ነቅሎ ወስዷል። በሩ አልተመለሰም።

የመጀመሪያው ቀን ግቢውን ሲያስጎበኘን እማማ በር አልባ ክፍላቸው አፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እግራቸው ሥር ያረጀ ውሻቸው ተጋድሟል። "ጎረምሳ" ነው የሚሉት። ጥርስ እንኳ አልቀረውም።

ወራሹ በአገጩ ጠቆማቸው።

"ትልቁ ሽበት ይኸውላችሁ። እሷን የሚያስለቅቅ መድኃኒት የላችሁም?"

"መድኃኒቱስ ነበር" አለ ምላጭ። "ሥሯ ርቋል እንጂ።"

ሳቁ። እማማ ሻሻቸውን አስተካከሉና ወደ እኔ ዞር ብለው፣ ይሳቁ፣ ሳቅ ድንጋይ አይጎዳም አሉኝ።

ያኔ ነው ወራሹ መዳፉን ግንቡ ላይ የለጠፈው። እያየሁት ነው። ለእኛ ነው የሚያወራው፣ ዓይኑ ግን ግንቡ ላይ ነው።

"ከድንጋይ በቀር እዚህ ቤት ላይ ተጣብቆ የሚኖር ነገር ሁሉ ይጽዳልኝ። አንድም እንዳይቀር።"

እጁን አነሳና ሄደ።

እኔ እንደ ልማዴ በልቤ ጸልዬ፣ ጣቴን አጥፌ፣ መዳፉ ካረፈበት ቦታ ላይ ላንኳኳ ሰነዘርኩ።

ታክ።

ድምፁ መጣ...

ጣቴ ገና አልነካም ነበር።

ጆሮዬ አሳስቶኝ ነው ብዬ ተውኩት። ስንት ዘመን ድንጋይ ስሰማ ኖሬ፣ ድንጋዩም ይሰማኝ ይሆን ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሙከራችንን ከገንዳው ጀርባ ሠርተን መጠበቅ ጀመርን። በመሐል እየመጣን መወጣጫ እናቆማለን፣ እንለካለን። እማማ ብቻቸውን ስለሚውሉ እረፍት ሳገኝ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ይነግሩኛል፣ እሰማለሁ። የትኛው መስኮት ሥር እንደተወለዱ፣ ወራሹ ሕፃን ሳለ በየትኛው ደረጃ ላይ ወድቆ እሳቸው ታቅፈው እንዳባበሉት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ።

"ነይ ልጄ፣ ይህን ውሻ እይልኝ።"

ጎረምሳን ገለበጡት። ሆዱ ላይ፣ እግሩ በሚሸፍነው በኩል፣ መዳፍ የምታህል አራት ማዕዘን አለች። ፀጉር የላትም። ቁስልም አይደለችም። ነጭ ናት... ልስልስ... በጣቴ ስነካት እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዘቀዘችኝ።

ጠርዟ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው።

ምላጭን ወቀስኩት። ውሻ የምላጭበት ትርፍ ጊዜ የለኝም ብሎ ሳቀ፤ ሠራተኞቹም ሳቁ። ቆይቶ ግን መወጣጫው ሥር ለብቻዬ ያዘኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጆሮ... አንቺ ነሽ?"

"እኔ?"

"ጠርዙን አይተሽዋል? እኔ እንኳ እንደዚያ ቀጥ አድርጌ ከልዬ አላውቅም።"

ከዚያ በኋላ በመጣንበት ቀን ጎረምሳ የለም።

እማማ ስሙን እየጠሩ ግቢውን ይዞራሉ። የሚተኛበትን ቦታ ሳይ... የመደቡ ግርጌ፣ ሌላው ወለል ጠቁሮ ሳለ፣ ውሻ ጋደም በሚልበት ልክ ነጥቷል። ትናንት የተፈለጠ ድንጋይ ነው የሚመስለው።

ጥጉ ላይ አንድ ነገር ቀርቷል።

መዳፍ የምታህል አራት ማዕዘን፣ ቡናማ ፀጉር። ድንጋዩ ላይ በቅላ ቆማለች።

ወራሹ መጥቶ አየ። ውሻውን እሱ እንዳልነካው ነገረን፤ የነካውን ሰው ግን አመስግኑልኝ አለ። ምላጭ ቢላዋውን አውጥቶ ፀጉሯን ፋቀና ወደ ገንዳው ወረወራት። ሲፍቅ አልቀለደም። እጁን ሱሪው ላይ ደጋግሞ ጠረገ።

እማማ ያን ቀን ጎረምሳ ይተኛበት ከነበረው ቦታ አልተነሱም። ጓደኛቸው እሱ ብቻ ነበር።

በሌላ ቀን ደግሞ ቀስ ብለው እጄን ሳቡኝ።

"ጀርባዬን እይልኝ። ማንም አይስማ።"

ነጠላቸውን አነሳሁና የቀሚሳቸውን አንገት ዝቅ አደረግሁ። በሁለቱ ትከሻዎቻቸው መሐል፣ እጃቸው በማይደርስበት፣ ዓይናቸው በማያየው ቦታ...

መዳፍ የምታህል። አራት ማዕዘን። ነጭ።

"አያምም" አሉኝ። "ግን ጋደም ስል ያንኳኳኛል። አንቺ ግንቡን እንደምታንኳኪው።"

"ማን ነው የሚያንኳኳዎት?"

"ከግድግዳው በኩል ነው ልጄ። ያንኳኳና ዝም ይላል... እንደሚሰማ ሰው።"

ከእኔ ጋር እንዲመጡ ለመንኳቸው። እኔና ልጄ ብቻ ነን፣ አልጋ አለ፣ ማንም አይናገርዎትም አልኳቸው። እንዲያ እየለመንኳቸው እሳቸው መደቡን ይዳስሳሉ።

"እግሬ ከወጣ ይህ ቤት ለእኔ አይከፈትም። እንዲህ ተጣብቄ መቅረቴ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ግን ወዴት ልርገፍ?"

ወራሹን ለመለመን ሄድኩ። አንድ ቀን ሐኪም ቤት ልውሰዳቸው፣ ሲመለሱ የግቢውን በር አይዝጉባቸው፣ ቃል ይግቡልኝ አልኩት። አክስቱ እንደሆኑ፣ በጀርባቸው አዝለው እንዳሳደጉት ነገርኩት። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ክፍላቸው ሄደና ሠራተኛው ሁሉ እያየ ነጠላቸውን ገፎ ቀሚሳቸውን ከትከሻቸው ሳበው።

እማማ በሁለት እጃቸው ደረታቸውን ሸፈኑ።

ነጯን ቦታ በጥፍሩ መታ መታ አደረጋት።

"ቆንጆ ሥራ ነው" አለ። ወደ ምላጭ ዞረ። "ሙከራው ከያዘ ምን ትጠብቃላችሁ? ዛሬውኑ ይህችን ክፍል እርጩልኝ።"

"እሳቸው ውስጥ እያሉ?" አልኩ።

"ካልተመቻት ትውጣ። በር እንደሆነ የለባት።"

ምላጭ መርጫውን መሙላት ጀመረ። ዓይኔን አላየኝም።

እኔ ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ብቻ መሰለኝ። መድኃኒት ስንረጭ እንዳይነካ የምንፈልገውን ነገር እንሸፍናለን፤ መስኮት ይሁን የተቀባ እንጨት ይሁን። ትልቁን ላስቲክ አመጣሁና በመደቡ ላይ እንደ አጎበር ዘረጋሁት። ከላይ ግድግዳው ላይ፣ ከታች ወለሉ ላይ በፕላስተር ያዝኩት። በራስጌ በኩል አየር እንዲገባ፣ ከፈለጉም እንዲወጡ መግቢያ ተውኩላቸው።

እማማ ከላስቲኩ ሥር ሆነው ፈገግ አሉ። መልካቸው ደብዘዝ ብሎ ይታየኛል።

"ሙሽራ አስመሰልሽኝ።"

"ይበርድዎታል?"

"ኧረ ይሞቃል። ደግ ነሽ ልጄ... እጅሽ ይባረክ።"

እጄ ይባረክ።

ምላጭ ግድግዳውን ረጨው። ጠብታው ላስቲኩ ላይ እያንኳኳ ሲወርድ ሰማሁና ሸፈንኳቸው፣ አዳንኳቸው ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ለምን ላስቲክ እንደምናለብስ የማውቀው እኔ አይደለሁም? ሙከራው ከያዘ በኋላ ምን እንደሚከተል ለእናንተ እንኳ ነገርኳችሁ። ያኔ ግን... ላስቲኩ መከለያ ነው ብዬ ነው እንጂ፣ ሙከራው በእሳቸው ላይ መሠራቱን አላሰብኩም።

በማግስቱ ጠዋት ሌላ ሥራ ቦታ ተላክሁ። እንዳበቃ እየሮጥኩ መጣሁ። በሩን ገፍቼ ስገባ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ግቢውን ሞልታዋለች።

ምላጭ ብሩሽ ይዞ ወደ እማማ ክፍል እየተጣደፈ ነው። ሲያየኝ ቆመ። ወደ ክፍሉ አየ። ተመልሶ እኔን አየ።

"አንቺ... ከየት መጣሽ?"

"ከውጭ ነዋ። አሁን መግባቴ ነው።"

"ከውስጥ 'ብሩሽ አምጡ' አላልሽም?"



"ድምፅሽ ነው" አለ በሹክሹክታ። "ድምፅሽን አላውቅም እንዴ?"

ገባን። ላስቲኩ እንደዘረጋሁት አለ። በውስጡ በኩል ላብ ይዞታል፣ ምንም አያሳይም። የተውኩት መግቢያ ታሽጓል። ፕላስተሩን ስነካው ወጣ ገባ የለውም፤ ቀጥ ብሎ ተለጥፏል።

የተለጠፈው ከውስጥ ነው።

"እማማ" ብዬ ጠራሁ።

ቢላዋ ተቀብዬ ቀደድኩት።

መደቡ ባዶ ነው። ነጥቷል። ዘመን ያጠቆረው፣ ሰው ያለሰለሰው መደብ፣ ትናንት የተጠረበ ይመስላል። ጫማቸው ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ነጠላቸው ታጥፎ በላዩ ላይ ነው።

ራስጌው ጥግ ላይ...

መዳፍ የምታህል አራት ማዕዘን። የሰው ፀጉር። ሽበት ነው፣ በቀጭን የተጎነጎነ፣ ጫፉ በጠርዙ ልክ የተቆረጠ።

የወራሹን እግር ሰማሁ። በሩ ላይ ቆሞ አየ። መጀመሪያ የእማማን ጫማ ነው ያየው። ፊቱ ላይ ፈገግታ ሲዘረጋ አየሁት፤ ቀስ እያለ ነው የዘረጋው።

"ወጣች በሉኛ።"

ቀርቦ መደቡን በመዳፉ ደባበሰው፤ አባቱ እንኳ እንዲህ ሆኖ አላየውም አለ። ከዚያ ጥጉን አየ።

"ይህችንስ ለምን ተዋችኋት?"

"ምስክር ናት" አልኩ።

"ምስክር አልፈልግም። ጥረጉልኝ።"

ምላጭ ብሩሹን ይዞ ቆሟል። አትንካት አልኩት። ወራሹ በስሙ ጠራው፤ በቅጽል ስሙ ሳይሆን እናቱ ባወጣችለት። ምላጭ ተንበረከከ። ፀጉሯን በአንድ እጁ ደግፎ በሌላው መፋቅ ጀመረ።

መሐል ላይ ቆመ። ከንፈሩ ደርቋል።

"ጆሮ..." አለኝ። "ይሞቃል።"

"ምን ትጠብቃለህ?" አለ ወራሹ።

ፋቃት።

እኔ ጣቴን አጥፌ መደቡን አንኳኳሁ። ሙሉ ድምፅ ነው የሰጠኝ። ጤነኛ ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለ ጤነኛ ድንጋይ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

ሥራው አለቀ። ፖሊስ ጠርቼ ነበር፤ መጥተው ጫማውን አዩ፣ አሮጊቷ ዘመድ ጋ ሄደው ይሆናል አሉ፣ ሄዱ። ወራሹ ደህና ነው። በየሳምንቱ እንግዳ እየጠራ ግንቡን ያስዳስሳል አሉ። ምላጭ ስልኩን አያነሳም። ሚስቱ አንድ ቀን አነሳችና፣ ሸሚዙን እሷ ፊት ማውለቅ እንዳቆመ ነግራኝ አለቀሰች።

እኔ ከዚያ ወዲህ ድንጋይ አልነካሁም። የምኖረው ተራ ቤት ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት ነው። ጸሎቴን አበዛለሁ፣ ለእማማም እጸልያለሁ።

ዛሬ ከቀትር በኋላ ልጄ ፀጉሬን ታበጥርልኝ ነበር። ነርስ ናት፤ እጇ ለስላሳ ነው። እንደ ድሮው ስለ ሰፈሩ ታወራልኛለች።

ወሬዋ ተቋረጠ።

"እማ... እዚህ ጋ ማን ላጨሽ?"

ከጆሮዬ ጀርባ ነው። ሻሽ የሚሸፍነው፣ መስታወት የማያሳየኝ ቦታ።

ስትነካኝ ጣቷ አልተሰማኝም።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። እሷ ቀደመችኝ። ቋቁቻ ነገር ይሆናል፣ አትጨነቂ፣ ቅባት አለኝ አለችኝ። ቦርሳዋ ሲከፈት ሰማሁ። አንድ ነገር ሲቆረጥ ሰማሁ።

"በቃ ጨረስኩ። እንዳትነኪው እሺ? ቅባቱ ቶሎ እንዳይደርቅ በላስቲክ ሸፍኜልሻለሁ።"

እጄን ሰደድኩ።

ላስቲክ ነው። በአራቱም ጎን በፕላስተር ተይዟል።

ግንባሬን ሳመችኝና እጇን ልትታጠብ ወጥ ቤት ገባች። ይህን በስልኬ የምጽፍላችሁ አሁን ነው። የቧንቧው ውኃ ይሰማኛል። እያንጎራጎረች ነው። ከእኔና ከእሷ በቀር ቤቱ ውስጥ ሰው የለም።

ከጆሮዬ ጀርባ ግን...

ታክ።

ታክ ታክ።

በጣት አንጓ ነው። እያንኳኳ ዝም ይላል።

ድምፁን አውቀዋለሁ። ደረቅ ነው፣ ቀለል ይላል...

ውኃው ቆመ።

ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። የወለል መፈግፈጊያውን ብሩሽ ይዛለች፤ ግራ ገብቷት ታየኛለች።

"ይኸው አመጣሁልሽ። ምን ልታደርጊበት ነው የምትጮሂው?"

አፌን አልከፈትኩም።